ልጃችሁ ቅጥሩን እንዲሠራ እርዱት



እዚህ ዓዲ ሓቂም ሆነ በሌላው የመቐለ ሰፈር ከወላጆች የማይጠፋ ሮሮ አለ፦ «ልጄ የጀመረውን አይጨርስም፤ የነገርኩትን ይረሳል፤ ስልክ ከያዘማ አበቃ!» ልጁ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰነፍ ከማለታችን በፊት እስቲ ወደ ኋላ እንቁጠር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በትግራይ ወደ መደበኛ ትምህርት መመለስ የተጀመረው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ሰዓት ማክበርንና የቤት ሥራ መጨረስን የሚለምድበት ዕድሜ በስጋት አለፈበት።

መጽሐፈ ምሳሌ ራሱን መግዛት ያልቻለን ሰው ቅጥሯ ከፈረሰ ከተማ ጋር ያመሳስለዋል። የፈረሰ ቅጥር በስድብ ይሠራል እንዴ? ነህምያ ኢየሩሳሌም ሲደርስ በመጮኽ አልጀመረም። በሌሊት ዞሮ ጉዳቱን አየ። ሥራው ተከፋፈለ፤ ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን አደሱ። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ።

ማቀድንና ስሜትን መግታትን የሚመራው የአንጎላችን የፊተኛው ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ልጃችሁ ገና በግንባታ ላይ ነው። አርማታ እስኪጠና በባላ ይደገፋል፤ ሲጠና ባላው ይነሣል።

ስለዚህ «ክፍልህን አስተካክል፣ ውሃ ቅዳ፣ አጥና» ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ አትዘዙት። «የቱን ታስቀድማለህ? ስንት ሰዓት ትጀምራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በወረቀት ይጻፈው፤ የጨረሰውን ይሰርዝ። የነገውን ደብተር ማታውኑ ቦርሳው ውስጥ ይክተት። በጥናት ሰዓት ስልኩ ይራቅ፤ የእናንተም ጭምር! ሲረሳ «ቀጥሎ ምን ነበር?» በሉት እንጂ ሥራውን አትሥሩለት። ሲለምደው ባላውን በጥቂት በጥቂቱ አንሡ። ለሴት ልጃችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ የቤቱን ሥራ ሁሉ ጭናችሁባት ለምን አላጠናሽም አትበሏት። ሌሊት የሚባንን፣ ከሰው የሚሸሽ ልጅ ካለ ደግሞ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት፤ ይህ እምነት ማጣት አይደለም።

«ጸልየንለታል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አሜን! ነህምያም ጸልዮአል፤ ጸልዮም ዘብ አቁሟል። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው፤ ፍሬ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበስልም።

ዛሬ ማታ ከቤተሰብ ጸሎት በኋላ ከልጃችሁ ጎን ተቀመጡና የነገውን ቀን አብራችሁ ጻፉ። በቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ቅጥር እሱ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።