ዕድሜና አቅም፦ አረጋውያንን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ስናክም
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የንግግሬ ርእስ በአረጋውያን ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ የልብ ሕመምና ሕክምናው ራሱ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት ነው። የምጀምረውም ከራሴ ስሕተት ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በምሠራበት ሆስፒታል አንዲት የ82 ዓመት እናት ገቡ። ደረታቸውን አላመማቸውም፤ ልጆቻቸው ያመጧቸው ትንፋሽ አጥሯቸውና ንግግራቸው ተምታቶ ነበር። በአረጋውያን ዘንድ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ኤሌክትሮካርዲዮግራሙና የደም ምርመራው የልባቸው ጡንቻ መጎዳቱን አረጋገጡ። እኔም እንደ ተማርሁት አስፒሪን ሰጠሁ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኤኖክሳፓሪን 60 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ አዘዝሁ። ነገር ግን አላስመዘንኋቸውም፤ ጋቢ ለብሰው እንደ ተኙ አይቼ 60 ኪሎ ናቸው ብዬ ገመትሁ። ክሬአቲኒናቸው 1.1 ስለ ነበረም ኩላሊታቸው ደኅና ነው ብዬ አለፍሁ። በሦስተኛው ቀን ዓይነ ምድራቸው ጠቈረ፤ የደማቸውም መጠን እጅግ ወረደ።

በኋላ ሲመዘኑ 41 ኪሎ ብቻ ሆነው ተገኙ። ኮክክሮፍትና ጎልት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ስሌት መሠረት ከ140 ላይ 82 ሲቀነስ 58 ይቀራል፤ ይህ በ41 ተባዝቶ፤ 72 በ1.1 ተባዝቶ ለሚገኘው ቍጥር ሲካፈል 30 ይሆናል፤ ሴት በመሆናቸው ደግሞ በ0.85 ሲባዛ ኩላሊታቸው በደቂቃ ያጣራ የነበረው 25.5 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ እንደ ነበረ እንረዳለን። ይህ ልክ ከ30 በታች ሲሆን መድኃኒቱ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም ታስቦ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መሰጠት አለበት። ይገባቸው የነበረው በቀን 40 ሚሊግራም ያህል ሲሆን እኔ 120 ሰጠኋቸው፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ስለ ሆነ ጡንቻው በመነመነ ሰው ዘንድ ቍጥሩ ሐኪሙን ያታልላል።

እኚህ እናት ከሞት ተረፉ። ይሁን እንጂ ከመታመማቸው በፊት ራሳቸው ቡና አፍልተው ጎረቤት ይጠሩ የነበሩት ሴት ወደ ቤታቸው በሰው ሸክም ተመለሱ፤ ከዚያም ወዲያ ያለ ደጋፊ አልቆሙም። ልባቸውን አከምን፤ አቅማቸውን ግን ወሰድንባቸው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤
በቋንቋችን «አቅመ ደካማ» ስንል ጧሪ ያጣውንና ርዳታ የሚገባውን ሰው ማለታችን ነው። በሕክምና ግን አቅመ ደካማነት የሚመረመርና የሚለካ ሁኔታ ነው፤ የሰውነት መጠባበቂያ ኃይል ተሟጦ ጥቂት ሕመም ብዙ ጉዳት የሚያደርስበት ማለት ነው። ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 አምስት ምልክቶችን ዘርዝረዋል፤ እነርሱም ሳይፈልጉ መክሳት፤ ዘወትር መድከም፤ የእጅ ጭብጥ መላላት፤ የአካሄድ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ከእነዚህ ሦስቱ ከተገኙ ሰውዬው አቅመ ደካማ ይባላል። በካናዳ ኬነዝ ሮክዉድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡትና ዛሬ ከ1 እስከ 9 ደረጃ ያለው መለኪያ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል። የሚጠየቀውም ሕመምተኛው ዛሬ በአልጋ ላይ እንዴት እንዳሉ ሳይሆን ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት በፊት እንዴት ይኖሩ እንደ ነበረ ነው። ራሳቸው ይለብሱ ነበርን? ገበያ ይወጡ ነበርን? ገንዘባቸውን ራሳቸው ይይዙ ነበርን?

ዕድሜና አቅም አንድ አይደሉም። በ85 ዓመታቸው ዳገት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ አሉ፤ በ70 ዓመታቸው ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሄድ ደጋፊ የሚሹም አሉ። ሁለቱን በልደት ዘመናቸው ብቻ የሚመዝን ሐኪም ለአንዱ የሚገባውን ይነፍጋል፤ በሌላው ላይ የማይችለውን ይጭናል።

የልብ ደም ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ያልተደፈነበትን ዓይነት በሚመለከት፤ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ቧንቧውን መመርመርና መክፈት ለአረጋውያን ይበጃልን የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። በኖርዌይ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 457 ሰዎች የያዘው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 የቧንቧ ሕክምናው ከመድኃኒት ብቻ የተሻለ መሆኑን አሳየ። በብሪታንያ ደግሞ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 1,518 ሕሙማን ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ፤ ከመካከላቸው ሲሶ የሚያህሉት አቅመ ደካሞች ነበሩ። ከአራት ዓመት ክትትል በኋላ በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ወይም ሕመሙ የደገማቸው፤ የቧንቧ ሕክምና ከታዘዘላቸው 25.6 በመቶ፤ መድኃኒት ብቻ ከታዘዘላቸው 26.3 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ለሞት ያላደረሰው የሕመሙ መደገም ግን ከ15.0 ወደ 11.7 በመቶ ዝቅ ብሏል። በእስፔን በ167 አቅመ ደካሞች ላይ የተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ውጤት፤ የቧንቧ ሕክምናው በመጀመሪያው ዓመት ከሆስፒታል ውጭ በሕይወት የሚቆዩበትን ቀን እንዳላበዛ ገልጿል።

ከዚህ የምንማረው አረጋውያንን እንተዋቸው የሚል አይደለም። ቧንቧው ፈጽሞ የተደፈነበትን ሰው ስለ አረጀ ብቻ ከሕክምና መከልከል ስሕተት ነው። ቧንቧውን በቱቦ ለመክፈት በማይቻልበት ስፍራ የረጋውን ደም የሚያሟሟው ቴኔክቴፕሌዝ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑት በግማሽ መጠን እንዲሰጥ የሚመከረውም በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስን ለመቀነስ ነው እንጂ ሕክምናውን ለመንፈግ አይደለም። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናትም 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሕሙማን ዘንድ ክሎፒዶግሬል ከብርቱዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ የደም መፍሰስን ከ24 ወደ 18 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ምክር አራት ነው። አንደኛ፤ መድኃኒት ከማዘዛችን በፊት ሕመምተኛውን እናስመዝን። ሁለተኛ፤ ክሬአቲኒን በማየት ሳንወሰን የኩላሊቱን ሥራ እናስላ። ሦስተኛ፤ የአቅማቸውን ደረጃ ከዕድሜያቸው ጎን በመዝገቡ ላይ እንጻፍ። አራተኛ፤ ሽማግሌውን ወይም አሮጊቷን ራሳቸውን እንጠይቅ።

ይህን የመጨረሻውን የምለው ስለ ራሴ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉን የተነጋገርሁት ከልጆቻቸው ጋር ነበር፤ እርሳቸው አጠገባችን ተኝተው ይሰሙ ነበር። አእምሯቸው በተመለሰ ጊዜ «ልጄ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ስቤ ከራስጌ ሳልቀመጥና «እማማ፤ እርስዎ የሚፈልጉት ምንድር ነው?» ሳልል ትእዛዝ አልጽፍም።