መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ጀልባውን

 

ጂንካ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ጀልባ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። የነሪን ወንዝ ለመሻገር ጀልባ የሚገዛ ሰው የለም። አገራችንም ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ይሁንና ከዚህ ተነሥተን በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርገን ኦሞራቴ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ኦሞ በሙሉ ስፋቱ ይፈሳል። ከከተማዋ በታች በየክንዱ ተከፋፍሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የሐይቁ አብዛኛው ክፍል በኬንያ ነው፤ ሰሜናዊ ጫፉ ግን የእኛ ነው። ዓሣው አለ፣ አጥማጁም አለ፣ በማኅበር ተደራጅቶ መሥራት የሚፈልግ ወጣትም አለ። ስለዚህ «ምን ዓይነት ጀልባ እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛም የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩትና ልባቸው የሚከጅለው አንድ ዕቃ አለ፤ በእግር የሚነዳ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ። ቀለሙ ያምራል፣ ነዳጅ አይጠጣም፣ ድምፅ የለውም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ በእግሩ እየረገጠ በሁለት እጁ ዓሣ ይጎትታል። ማን የማይመኘው አለ? እስቲ ዛሬ ይህን ዕቃ ረጋ ብለን እንየው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአሠራሩ እንጀምር።

ካያክ ጠባብና ረዘም ያለ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው የሚይዝ ጀልባ ነው። የቀድሞው የሚሄደው በመቅዘፊያ ብቻ ነበር። አጥማጅ ግን ሁለት እጁ በመቅዘፊያ ከተያዘ ክሩን ማን ይይዝለታል? ሆቢ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1997 ለዚህ መላ አመጣ። ፔዳሉ ሲረገጥ ከጀልባው ሆድ ሥር ያሉ ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ወደፊት ይገፉታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሎች ኩባንያዎች ልክ እንደ ብስክሌት እግርን በክብ እያዞሩ ፕሮፔለር የሚያሽከረክሩበትን ዓይነት ይዘው መጡ።

የሁለቱ ልዩነት ጌጥ አይደለም። ክንፍ ያለው ጥልቀት በሌለው ቦታ ይመቻል፤ አንዱን ፔዳል ወደፊት ገፍቶ ክንፎቹን ከጀልባው ሆድ ጋር ማጣበቅ ይቻላል። የውሃ ሣርም ቶሎ አይጠመጠምበትም። ጉድለቱ የመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች ወደኋላ አለመሄዳቸው ነበር፤ በኋላ የመጡት ግን ይሄዳሉ። ፕሮፔለር ያለው በበኩሉ ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት ወዲያው ወደኋላ ይመለሳል። ዓሣ ሲጎትት ወይም ንፋስ ሲገፋ በአንድ ቦታ ለመቆየት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዘንጉ ወደ ውሃው ጠልቆ ስለሚወርድ ድንጋይና ግንድ ያገኘዋል፤ ሣር ይተበትበዋል። እምቦጭ የጣናን ዳርቻ እንዴት እንደሸፈነው የሰማ ሰው፣ እንዲህ ባለው ውሃ ላይ ፕሮፔለር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያቅተውም።

በባሕር ዳርቻ ከተሞች የምትኖሩና በኢንተርኔት የምታዳምጡን ወገኖቻችን፣ ይህ ዕቃ የተሠራው ለእናንተው ውሃ ነውና ጥቂት ነጥቦችን ልጨምር። ረጅምና ጠባብ ካያክ ይፈጥናል፣ ማዕበልም ይሰነጥቃል፤ አጭርና ሰፊው ደግሞ አይዋዥቅም፣ ግን ይንቀራፈፋል። ለባሕር ጠረፍ አራት ሜትር አካባቢ የሆነው ለብዙ ሰው ይመቻል። ክብደቱን ጠይቁ፤ ከነመሣሪያው ሃምሳ ኪሎ የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ አለ፣ ከመኪና አውርዶ አሸዋ ላይ የሚጎትተው ደግሞ ገዢው ራሱ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ታዋቂዎቹ ከሁለት ሺህ ዶላር ተነሥተው አምስት ሺህ ይደርሳሉ። የጨው ውሃ ብረት ስለሚበላ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ማሽኑን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው። ፔዳሉ ቢሰበር መመለሻ እንዲኖራችሁ መቅዘፊያ ሳትይዙ አትውጡ።

ከሁሉም በላይ ግን ካያኩ ሲገለበጥ መልሶ አቃንቶ መውጣትን ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ተለማመዱ። በሲያትል አካባቢ እንዳለው ያለ ባሕር በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዝቃዜው እጅን አደንዝዞ ዋናተኛውንም ያሰጥማል። ከምድር ወደ ባሕር የሚነፍስ ንፋስም አታላይ ነው። ዳር ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ሲርቁ ግን መመለስ ይከለክላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛ ውሃ እንመለስ።

የኦሞን ወንዝ በመውረድ ስም ያተረፉት አሜሪካውያን የጀልባ ተጓዦች በ1973 ነበር የወረዱት። ቡድናቸውን ሶቤክ አሉት፤ በጥንታዊት ግብፅ የአዞ አምላክ ስም መሆኑ ነው። ስሙን ከየትም አላመጡትም፣ የፈሩትን ነው የጠሩት። የያዙትም በአየር የተነፋ፣ ሰፊ፣ ብዙ ሰው የሚጭን ጀልባ ነበር። ካያክ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከውሃው ወለል ከፍታው እምብዛም ነው፤ እግሩም እጁም ለውሃው ቅርብ ነው። በ2010 ሄንድሪ ኩትዜ የተባለውን፣ የአፍሪካን ታላላቅ ወንዞች በካያክ በመውረድ የታወቀውን ደቡብ አፍሪካዊ፣ በኮንጎ በሉኩጋ ወንዝ ላይ አዞ ከካያኩ ጎትቶ ወሰደው። ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የኦሞና የቱርካና አዞ ደግሞ የዚያው የናይል አዞ ወገን ነው፤ አምስት ሜትር የሚደርስ አለው፣ ከካያኩ ይረዝማል ማለት ነው። ጉማሬውንም አትርሱ።

ንፋሱም አለ። ቱርካና በበረሃ መካከል የተኛ፣ በርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ኃይለኛ ንፋስ ያንን ሁሉ ርቀት ሐይቁን እየገፋ መጥቶ ማዕበሉን የሚጥለው በሰሜን በኩል፣ በእኛ ዳርቻ ነው። እግር ምን ያህል ቢበረታ ሰዓታትን ሙሉ ከዚህ ጋር አይታገልም።

የውሃው ጠርዝም አንድ ቦታ አይቆይም። ሐይቁ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ወደ ደቡብ ሸሽቶ፣ ኦሞ ባመጣው ደለል ሰፊ መሬት ተፈጥሮ ነበር። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ተመልሶ ሞልቶ የዳሰነች ሕዝብን መንደሮችና የግጦሽ መሬት አጥለቅልቋል፤ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ትናንት ቁጥቋጦና ዛፍ የነበረበት ዛሬ ውሃ ነው። ግንዱ ግን ከሥር ቆሞ አለ። ፕሮፔለር የሚያገኘው እንግዲህ ይህንን ነው።

የዓሣውም ነገር ሒሳብ ይፈልጋል። የቱርካናው ናይል ፐርች ሲያድግ መቶ ኪሎ የሚያልፍ ዓሣ ነው። አንድ የማጥመጃ ካያክ በጠቅላላው የሚሸከመው ሁለት መቶ ኪሎ አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ የሰውየውን ክብደት፣ መረቡን፣ የመጠጥ ውሃውን ቀንሱ። ለመዝናናት አንድ ዓሣ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ ለሚለቅ ሰው ይበቃል። ቤተሰብ ለሚያስተዳድር አጥማጅ ግን አይበቃም።

ታዲያ የአገሬው ሰው በምን ሲሠራ ኖረ? ዳሰነቾች ከአንድ ግንድ ፈልፍለው በሚሠሩት ታንኳ ነው። ኦሞራቴ ላይ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሰውም ዕቃም የሚሻገረው በእርሱ ነበር። መለዋወጫ አይፈልግም፣ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ግንድ ቢነካው አይሰበርም። ችግርም አለበት። ይዋዥቃል፣ ከባድ ነው፣ ለትልቁ ሐይቅ ማዕበል አልተሠራም፤ አንዱን ለመሥራትም ትልቅ የወንዝ ዳር ዛፍ መቆረጥ አለበት። ስለዚህ ታንኳውን እናወድስ ብዬ በእርሱ ላይ እንቁም አልልም። የምለው፣ የሚሠራውና የሚገፋው ሰው ውሃውን ያውቃል፤ ይህ እውቀት ከጀልባ ጋር በጭነት አይመጣም ነው።

ለዚህ ምስክር አለ። በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ አትላንቲክን ለመሻገር ተነሣ። ደንገሉ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የጀልባውን የኋላ ጫፍ ወደ መሐል ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ነበረ፤ ጥቅሙን ሳያስተውሉ ተዉት። የኋላው ጫፍ እየሰመጠ ሄዶ፣ ጀልባዋን ከማዶ ሳይደርሱ ጥለዋት ወጡ። በማግስቱ ዓመት ሌሎች ባለሙያዎች የሠሯት «ራ ሁለት» ባርባዶስ ደረሰች።

ሁለተኛው ምስክር ጎረቤታችን ነው። በዚሁ በቱርካና ሐይቅ በኬንያ በኩል፣ ካሎኮል በተባለ ቦታ፣ በኖርዌይ እርዳታ ዘመናዊ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተገነባ። በዚያ በረሃ ማቀዝቀዣውን ማንቀሳቀስና ንጹሕ ውሃ ማቅረብ ወጪው አልቻል አለ፤ ፋብሪካው ሥራ እንደጀመረ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዓሣው የሚወጣበት የሐይቁ ሰላጤ ራሱ ደረቀ። ኖርዌያውያን ስለ ዓሣ አያውቁም የሚል የለም። የማያውቁት ቱርካናን ነበር።

ታዲያ ምን እንምረጥ? የእኔ ፍርድ ይኸው ነው። በእግር የሚነዳው ካያክ ለባሕር ጠረፍ መዝናኛ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለኦሞና ለቱርካና የሥራ ጀልባ ግን አይሆንም። ለማኅበር የሚያዋጣው ሆዱ ሰፊ፣ ሦስት አራት ሰው ከነመረቡና ከነዓሣው የሚሸከም፣ ጎኑ ከፍ ያለ የእንጨት ወይም የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው፤ አነስተኛ ሞተርና የማይቀር መቅዘፊያ ያለው። ፋይበር ግላሱ ቢሰነጠቅ እዚያው የሚጠግን ልጅ ሠልጥኖ ይኑር። ለሞተሩ ካንዴላና ትርፍ ፕሮፔለር አብሮ ይገዛ። ዓሣው በዚያ ሙቀት በሰዓታት ውስጥ እንደሚበላሽም አትርሱ፤ ማድረቂያና ጨው፣ ከተቻለም በረዶ ሳይታሰብ ጀልባ ብቻ መግዛት ዓሣ አጥምዶ ለአሞራ መስጠት ነው።

በጀት የምትይዙ የመንግሥት ኃላፊዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ እንዲሁም «ለልጆቹ ጀልባ እንላክላቸው» የምትሉ የውጭ አገር ዘመዶቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ኦሞራቴ ውረዱ። ታንኳ የሚገፉትን አባቶችና ወጣቶች ውሃው መቼ እንደሚሞላ፣ ንፋሱ በየትኛው ሰዓት እንደሚነሣ፣ አዞው የት እንደሚተኛ ጠይቁ። ወረቀቱን የምትፈርሙትም ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ የሕይወት አድን ጃኬት ከጀልባው ዋጋ ጋር ተደምሮ ስታዩት ብቻ ይሁን።