ከአሥራ ሁለቱ በኋላ የመጣችው ልጅ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤትና ስለ ስፖርቱ ልነግራችሁ ቆሜአለሁ። ከመካከላችሁ «እህልና ውኃ ሳይሟላ ሩጫ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው።

በአርሲ፣ ከአሰላ በስተ ደቡብ፣ በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የገብስና የስንዴ አገር ናት። ከእርስዋና ከአካባቢዋ የወጡት ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ አራቱ ብቻ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ልጆቹን በማለዳ ሰብስበው በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ እንዲሮጡ ያደርጉ ነበር። ከእነዚያ ጋር አብረው የሮጡ፣ ስማቸውን ያልሰማነው ልጆች ግን ብዙ ናቸው።

የእኔ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወርቁን አየሁ፤ ማለዳውን አላየሁም።

በሌላ ትንሽ ከተማ ስሠራ ሳለ የአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ለልጆቹ ጫማና ኳስ ለመነኝ። የነበረን ገንዘብ ለ12 ጥንድ ጫማ ብቻ የሚበቃ ነበር። እኔም «አወዳድራቸውና ለሚያሸንፉት ስጥ፤ ደጋፊዎቻችን ፍሬ ማየት ይፈልጋሉ» አልሁት። 60 ልጆች ሮጡ። አሥራ ሁለቱ ጫማ አደረጉ፤ ፎቶግራፍም አነሣናቸው። በባዶ እግርዋ ሮጣ አሥራ ሦስተኛ የወጣችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን በፎቶግራፉ ውስጥ የለችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መምህሩ መጣና «ወንድሜ፣ አሥራ ሁለት ጫማ ሰጠኸን፤ አርባ ስምንት ልጅ አስቀረህብን» አለኝ። የማለዳው ልምምድ ለተመረጡት ብቻ ሆኖ ነበር። ያች ልጅም በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከክፍል ቀርታለች። አብረን ወደ ቤቷ ሄድን። እናቷ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ አልተቆጡንም። «ለሩጫው ስትነሣ ለደብተሯም ትነሣ ነበር፤ ለሩጫው አትሆኚም ሲሏት ለትምህርቱም አልሆንም ብላ ቀረች» አሉን። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

በሚቀጥለው መስከረም ተመልሳ ያንኑ ክፍል ደገመች። ያ አንድ ዓመት በእኔ ምክንያት የጠፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ከመምህራኑና ከወላጆች ጋር ተቀምጠን ሥራውን እንደገና ጀመርን። ጫማው የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆነ፤ በየቁጥሩ በዕቃ ቤት ተቀምጦ በፈረቃ ይታደላል። ሩጫ ለማይሆንለት ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎ ውርወራና መረብ ኳስ ተጨመረለት። ከክፍል የቀረ ተማሪ ለውድድር አይሰለፍም፤ በውድድር የተሸነፈ ግን ከልምምድ አይባረርም። ሴቶቹ ልጆች ፀሐይ ሳትጠልቅ በቡድን ሆነው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ወጪ ብዙ አልበለጠም። ያች ልጅ ዛሬ አትሮጥም፤ ነገር ግን በመረብ ኳሱ ቡድን ውስጥ ስሟ አለ።

ወገኖች ሆይ፣ ውድድር ሦስት ሰው ይሸልማል፤ ይህም የውድድር ሕግ ነው። ትምህርት ቤት ግን የስልሳውም ልጅ ነው። እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ ሪፖርት ስትጽፉ ስንት ዋንጫ እንደ መጣ ብቻ አትጻፉ፤ ስንት ልጅ በማለዳ ተነሥቶ ሜዳ እንደ ወጣ፣ ከዚያም ክፍል እንደ ገባ ቁጠሩ። እናንተ ምእመናንም ልትጎበኙ ስትመጡ፣ ዋንጫው ወደተደረደረበት ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት ሜዳው ዳር ጥቂት ቁሙ። መጨረሻ የሚደርሰውን ልጅ ጠብቁትና ስሙን ጠይቁት።