የማረጥ ዘመንና የሐኪም ምክር
(በመንደራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኀዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



ስለ ውሃው መስመርና ስለ ጥበቃው ክፍያ ተነጋግረን ጨርሰናል። አሁን ደግሞ በየቤታችን እየኖረ ስሙ ስለማይጠራ አንድ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ጉዳዩ የሴት ልጅ ማረጥ ነው። ወንዶችም አትውጡ፣ ቁጭ በሉ፤ እናት፣ ሚስት ወይም እኅት የሌለው ሰው በመካከላችን የለምና።

እኛ የማኅበሩ የሴቶች ክፍል አባሎች ይህን ለመናገር የተነሣነው በአንዲት ጎረቤታችን ላይ የደረሰውን ካየን በኋላ ነው። ስማቸው እንዳይጠራ፣ ነገሩ ግን እንዲነገር ፈቅደውልናል። እኚህ እናት ዕድሜያቸው 49 ነው። ሌሊት በላብ ተነክረው ይነሣሉ፤ ልባቸው ድው ድው ይላል፤ እንቅልፍ የለም፤ ቀን ደግሞ በትንሽ በትልቁ ይቆጣሉ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መርፌ አዘዘ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘባቸውን ጨረሱ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «የወር አበባዎ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም አፍረው አልተናገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እንቁላል የሚያመርተው የሴት አካል ሥራውን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኤስትሮጅን የሚባለውም ሆርሞን እንዲሁ ያንሳል። አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ያርጣሉ። አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ምልክቱ ግን ከዚያ በፊት ዓመታት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። የወር አበባ ይዛባል፤ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ይመጣል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ መርሳት፣ ሐዘን፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የብልት ድርቀት ይታያል። አንዲቱ ሳይታወቃት ታልፈዋለች፣ ሌላይቱ ሥራዋን መሥራት ያቅታታል። ስለዚህም ነው ሕክምናው እንደየሴቷ መሆን የሚገባው። ነጠላ ይዋሳል፣ መድኃኒት ግን አይዋስም።

በሆርሞን ስለሚሰጠው ሕክምና ብዙ ፍርሃት አለ። ምክንያቱም በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር 16,608 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት፣ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት ብልጫ ስለታየበት ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በኋላ ተጣርቶ ሲታይ ግን የእነዚያ ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ገደማ ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ዓመታት አልፈዋቸዋል። ዛሬ የሐኪሞች ምክር፣ ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት፣ ምልክቱም ለሚያስቸግራትና ከልካይ ሕመም ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል የሚል ነው።

ከልካይ ስንል የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የመታት፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ማለታችን ነው። ማኅፀኗ ያልወጣላት ሴት ኤስትሮጅንን ብቻዋን መውሰድ የለባትም፤ የማኅፀን ካንሰር እንዳያመጣባት ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉ ይጨመርላታል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት በአፍ ከሚዋጠው ይልቅ ደም የማርጋት አደጋው ያነሰ ነው። ለብልት ድርቀት ብቻ የሚሆን፣ እዚያው የሚቀባ አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት አለ። ሆርሞን ለማይስማማትም ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉ። ሁሉም በየፋርማሲው አይገኝም፤ ቢሆንም የቱ እንደሚሻል ከሐኪም ጋር መመካከር እንጂ ከሱቅ ጠይቆ መግዛት አይገባም።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ በእጃችሁ ወረቀት ይኑር። የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደመጣ፣ ሙቀቱ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ በቤተሰብ ውስጥ ካንሰር ወይም የደም መርጋት መኖሩን ጻፉ። መጻፍ የማትችል እናት ልጇ ይጻፍላት። የደም ግፊት ይለካ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፣ ምልክታቸው ይመሳሰላልና። «ዕድሜ ነው፣ ቻይው» ብቻ ተብላችሁ ከተመለሳችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ፤ ይህ ድፍረት አይደለም።

ሦስት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ካረጡ በኋላ ደም ጠብ ቢል፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር መመርመር ነው፤ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት «ተገላገልኩ» ብላ እንዳትቀመጥ፤ አጥንቷንና ልቧን ስለሚጎዳ ሕክምና ያስፈልጋታል። ሦስተኛ፣ የወር አበባ ተዛባ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም።

በቤት ደግሞ፣ ቡናና በርበሬ ሙቀቱን የሚያስነሣባት ትቀንስ፤ በእግር መሄድ አጥንትን ያጠነክራል፤ ወተት፣ በጾሙም ሰሊጥና ጎመን ለአጥንት ይጠቅማሉ።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። እናት በሌሊት ተነሥታ መስኮት ብትከፍት «ምን ነካት?» አትበሉ። «አይዞሽ፣ ነገ አብረን እንሂድ» በሉ። ጎረቤታችን ዛሬ መድኃኒታቸውን ጀምረዋል፤ እንቅልፋቸውም ተመልሷል። እኛን የቆጨን ግን እነዚያ ሁለት ዓመታት ናቸው። አንድ ግድግዳ ተጋርተን እየኖርን አልጠየቅናቸውም።

ስለሆነም ብቻዋን ሐኪም ቤት መሄድ የከበዳት ሁሉ ለሴቶች ክፍል ትንገረን፤ አብረናት እንሄዳለን። የሰማነውም በእኛ ዘንድ ይቀራል።



የማኅበሩ የሴቶች ክፍል