«መቆም» እንዴት «መሆን» ሆነ



በዚህ ግቢ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም አማርኛ የተበላሸ ግዕዝ ነው የሚል ነው። ለማስረጃ ከሚቀርቡት ቃላት አንዱ «ነበረ» ነው። በግዕዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ ማለት ሲሆን፥ እኛ ግን «ቆሞ ነበር» እንላለን። ሰውዬው ቆመ ወይስ ተቀመጠ? እያሉ ይሥቁብናል።

መልሱን ከሮማ እናምጣ። አባቶቻችን ሮማይስጥ በሚሉት በላቲን «ስታሬ» ማለት በእግር መቆም ነው። ይህ ግሥ ከላቲን በተወለዱት ቋንቋዎች ሁሉ ይገኛል፤ ጠባዩ ግን በየቤቱ ተለውጧል። ኢጣልያዊው «እንደምን ነህ» ሲል «ኮሜ ስታይ» ይላል፤ በጥንቱ ፍቺ «እንዴት ትቆማለህ» መሆኑ ነው። አልጋ ላይ የዋለውን በሽተኛ የሚጠይቀውም በዚሁ ቃል ነው! ሩማንያዊው እንግዳውን ተቀመጥ ሲል «ስታይ ዦስ» ይለዋል፤ «ታች ቁም» እንደ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ ግሡን ጥሎ ለሕግ ሰዎች ብቻ ትቶታል፤ እኛ «ችሎት ቆመ» እንደምንለው ያለ ነገር ነው። ሆኖም ፈረንሳዮች የመሆንን ኃላፊ ጊዜ የሚናገሩበት «ኤቴ» የስታሬ ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን እስፓንኛ ነው። «ኤስታር» ዛሬ መሆንና መገኘት ነው። ተቀምጧል ለማለት «ኤስታ ሴንታዶ» ይባላል፤ «ቆሞ ነበር» የሚለው የኛው አነጋገር ተገልብጦ ማለት ነው። ሞቷል ለማለት ደግሞ «ኤስታ ሙዌርቶ» ይላሉ። ሬሳውም ቆመ! ሁለተኛው የመሆን ግሥ «ሴር» ቅርጹን በከፊል የወሰደው ከላቲኑ «ሴዴሬ» ሲሆን፥ የዚህም ፍቺ መቀመጥ ነው።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። አንድ ነገር የቆመበት ወይም የተቀመጠበት ስፍራ የሚገኝበት ስፍራ ነው። ተናጋሪው «እዚያ ቆሟል» ሲል ሐሳቡ በስፍራው ላይ እንጂ በእግሩ ላይ አይደለም፤ ሲደጋገም እግሩ ይረሳና መገኘቱ ይቀራል። «ነበረ»ም በዚሁ መንገድ ሄደ። ግዕዝ መማርን አንጠላም፤ ያለ ግዕዝ ይህን መንገድ ማንም ባላየው ነበር። ነገር ግን ላቲን የሚያውቅ ሰው ዛሬ እስፓንያዊውን «አቋቋምህን አበላሸህ» ብሎ አይከሰውም።

ደግሞም የጥንቱ መቀመጥ ከአማርኛ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አሁን የተቀመጣችሁበት «ወንበር» ከ«መንበር»፥ መንበርም ከዚያው ከ«ነበረ» የወጣ ነው።