ሥራ የሚጸናው በተረካቢው ነው



መሐንዲስ ሥራውን ፈጽሞ የርክክቡ ሰነድ በሚፈረምበት ዕለት ድካሙ ያበቃ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሥራው መፈተን የሚጀምረው ከዚያ ዕለት በኋላ ነው። የገጠር የውሃ ጉድጓድ በሚገባ ተቆፍሮ፣ የእጅ ፓምፑም እንደ ደንቡ ተተክሎ ሳለ፣ የመንደሩ ሰው «የእኛ ነው» ብሎ ካልተረከበው አንዲት ጎሚኒ ባለቀች ጊዜ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ይህን ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫ ለመመልከት፣ የዛሬው ንግግር ከሙያው ክልል ጥቂት ወጣ ብሎ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ስለሚከበር የግጥም ቀን ያወሳል።

ከተማዋ ላርን ትባላለች። የምትገኘው በደቡብ ምዕራብ ዌልስ፣ የታፍ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ስፍራ ነው። ባለቅኔው ዲላን ቶማስ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1953 የኖረው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ የሚጽፈውም ቀድሞ ለመኪና ማቆሚያ በተሠራች፣ ገደል አፋፍ ላይ ሆና ውሃውን ቁልቁል በምታይ የእንጨት ክፍል ውስጥ ነበር።

ቶማስ ከትምህርት ቤት የወጣው ገና በ16 ዓመቱ ነው። በልኬት ጥንቃቄው ግን ከማንኛውም ነዳፊ አያንስም። ስለ 30ኛው የልደት ቀኑ የጻፈው ግጥም ሰባት አንቀጾች አሉት፤ እያንዳንዱም አንቀጽ አሥር ስንኞች ሲኖሩት፣ የስንኞቹ ቀለም በአብዛኛው 9፣ 12፣ 9፣ 3፣ 5፣ 12፣ 12፣ 5፣ 3፣ 9 እየሆነ ይመላለሳል። በ1952 ለታተመው የግጥም መድበሉ መግቢያ ያደረገው ደግሞ 102 ስንኞች አሉት። የመጀመሪያው ስንኝ ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከ101ኛው ጋር ቤት እየመታ ሄዶ፣ 51ኛውና 52ኛው መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ ይኸውም ከሁለት ወገን ተነሥቶ በቁልፍ ድንጋይ እንደሚዘጋ የድልድይ ቅስት ነው። የወል ቤትን 12 ቀለም ስድስት ስድስት አድርጎ የሚከፍል የአማርኛ ገጣሚ በዚህ ሥራ ውስጥ የራሱን ሙያ ያገኛል።

«አንደር ሚልክ ዉድ» የተባለው የድምፅ ድራማው የአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ሰዎችን የአንድ ቀን ውሎ ይተርካል። የድራማዋ ከተማ ላርን ናት የሚሉ አሉ፤ ደራሲው ቀደም ሲል የተቀመጠባት ኒው ኪም ይህንኑ ክብር ለራሷ ትሻለች። ድራማው በተዋንያን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የተነበበው በኒውዮርክ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1953 ነው። ቶማስ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 9 ቀን በ39 ዓመቱ ሞተ። ቢ.ቢ.ሲ. ድራማውን በራዲዮ ያሰማው ጃንዋሪ 25 ቀን 1954 በመሆኑ፣ ደራሲው ሥራው በአየር ሲሰማ ለማዳመጥ አልታደለም።

ሠሪው ቢሞትም ሥራው ተረካቢ አላጣም። ከ2015 ወዲህ ሜይ 14 በየዓመቱ የዲላን ቶማስ ቀን ሆኖ ይከበራል። በዕለቱም በላርንና በሌሎች ከተሞች ግጥም ይነበባል፤ የድርሰት ልምምድም ይደረጋል። ከቀኑ አከባበር ጋር ተያይዞም ከ7 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው ልጆችና ወጣቶች በዌልሽና በእንግሊዝኛ ጥቂት ጥቂት ስንኝ እያዋጡ፣ መቶ ስንኝ ያለው የጋራ ግጥም እንዲደረስ ተደርጓል።

ከዚህ ሁሉ ስንኝ ምን ያህሉ ይጸናል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ብዙው ላይጸና ይችላል። ሆኖም አንዲት ስንኝ ለማቅናት የታገለ ልጅ የባለቅኔውን ስንኝ ክብደት በእጁ መዝኖ ያውቃል። ፓምፑን አንድ ጊዜ ፈትታ የገጠመች የመንደር ሴትም እንዲሁ ናት፤ ድምፁ የተለወጠ እንደሆነ ከባለሙያው ቀድማ ትሰማለች።

ስለሆነም ርክክብ የአንድ ቀን ፊርማ ሆኖ መቅረት የለበትም። ተጠቃሚው መፍቻውን የሚጨብጥበት ጊዜ በሥራው ዕቅድና በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ሊጻፍ ይገባል። የላርን ሰዎች ይህን ትምህርት በግጥም አሳይተዋል፤ ማኅበሩም በውሃ፣ በመንገድና በመብራት ሊያሳየው ይችላል።