ከመሬቱ ቀጥሎ ሚዛኑ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በወንጂ ሜዳ ላይ አገዳ ስለሚያበቅለው ገበሬ ነው። ስኳሩን ጧት ጧት በሻያችን ውስጥ እናማስለዋለን፤ የአብቃዩን ኑሮ ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ቀድሞ በጃቫ ደሴት ስኳር ያመርት የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ተሰለፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ፋብሪካው ተወረሰ፤ የገጠር መሬት ዐዋጅም ወጣ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካው ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በይዞታቸው አገዳ ያበቅላሉ።

እንግዲህ ጥያቄው አልቋልን? አላለቀም። የጤፍ ገበሬ ዋጋው ካልጣመው እህሉን በጎተራ ያቆያል፤ የአዳማ ነጋዴ ቢያስከፋው ወደ ሞጆ ይጭናል። አገዳ ግን ጎተራ አያውቅም። ተቆርጦ ጥቂት ቀን ካደረ ክብደቱም ስኳሩም ይቀንሳል። ገዢውም አንድ ፋብሪካ ነው፤ ሚዛኑም ያለው በዚያው በገዢው ግቢ ነው። በትምባሆም ሆነ በአገዳ፣ ገዢው አንድ ብቻ ሲሆን ሻጩ ዋጋ ተቀባይ እንጂ ተደራዳሪ አይሆንም።

ከሽያጩም ላይ የእርሻው፣ የማዳበሪያው፣ የቆረጣውና የማመላለሻው ወጪ ይነሣል፤ ለገበሬው የሚደርሰው ትራፊው ነው። አዲስ የተተከለ አገዳ ለቆረጣ እስኪደርስ አንድ ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ማሳውን አገዳ ስለያዘው ቤተ ሰቡ የሚበላውን እህል ከገበያ ይሸምታል። ክፍያው አንድ ወር ቢዘገይ ብድር ይገባል፤ የልጁም ደብተርና ዩኒፎርም ይቀራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ አይደለምን?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገዳውን ነቅሎ ጤፍ ይዝራ» ይላሉ። ምክሩ ለመካሪው ይቀላል። ነገር ግን ማሳው ከጎረቤት ማሳ ጋር ተያይዞ በአንድ ቦይ የሚጠጣ ነውና አንዱ ብቻውን ተለይቶ መውጣት አይሆንለትም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ አገዳው ሲመዘን የገበሬዎች ተወካይ ከሚዛኑ አጠገብ ይቁም። ሁለተኛ፣ የወጪው ዝርዝር በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ለእያንዳንዱ ገበሬ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ የስኳር ዋጋ ሲጨምር የአገዳውም ዋጋ አብሮ ይጨምር።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ሒሳብ አያያዝ የምንማር፣ በዕረፍታችን ወራት ከማኅበራቱ ጸሓፊዎች ጋር ተቀምጠን መዝገቡን እናገላብጥ። የቀደሙን ተማሪዎች የመሬቱን ነገር ጠየቁ፤ እኛ ደግሞ የሚዛኑን እንጠይቅ።